የእናቴን ተች ስልክ እንዴት ላቅልልላት?

የመጨረሻ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የቁልፍ ስልኳ ሲበላሽ ሳምሰንግ ገዛንላት፤ አልተግባቡም። ሲደወልላት አረንጓዴዋን ደጋግማ ትጫናለች እንጂ «ጎትቺው» ስላት እጇ እሺ አይልም። ዛሬ የካሜራው ምልክት ጠፋ ትላለች፣ ነገ የዋትስአፑ። ጽሑፉን ትልቅ አደረግኩላት፣ ብዙም ለውጥ የለም። የልጅ ልጆቿን በቪዲዮ ማየት ስለምትወድ ወደ ቁልፍ ስልክ ልመልሳት አልፈለግኩም። መላ በሉኝ።

ስልክ ጠጋኝ፦ እንዳትመልሳቸው። ጽሑፍ ማሳደግ ለዓይን ነው፤ የእናትህ ችግር ግን ጣት ላይ ነው። ከጥሪው ጀምር። ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ «ኢንተራክሽን ኤንድ ዴክስተሪቲ» ውስጥ ስትገባ «አንሰሪንግ ኤንድ ኤንዲንግ ኮልስ» የሚል ታገኛለህ። እዚያ ድምፅ መጨመሪያውን በመጫን ብቻ ጥሪ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ቁልፍ ለለመደ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በጎን ቁልፍ መዝጋትም አለ፣ እሱን ግን ባትነካው ይሻላል፤ ስልኩን ጨበጥ አድርገው ሲያወሩ ሳያስቡት ይዘጋባቸዋል።

ምልክቶቹም ዝም ብለው አልጠፉም። ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ትንሽ ሲቆይ ስልኩ ምልክቱን ሊያንቀሳቅሱት የፈለጉ ይመስለዋል። እጃቸው ሸርተት ሲል ምልክቱም አብሮ ወደ ሌላ ገጽ ይሄዳል፣ ወይም «ሪሙቭ» የሚለውን ይነኩታል። እዛው አክሰሲቢሊቲ ውስጥ «ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ»ን ወደ 1.5 ሴኮንድ ውሰደው። ቀጥሎ ሆም ስክሪኑ ላይ ባዶ ቦታ ተጭነህ ቆይና በሚመጣው ሴቲንግ ውስጥ «ሎክ ሆም ስክሪን ሌይአውት»ን አብራው። ከዚያ በኋላ ቢነካኩትም ንቅንቅ አይልም።

ባለ አያት፦ ከዚህ ሁሉ በፊት «ኢዚ ሞድ» አይቀድምም? ዲስፕሌይ ውስጥ አለ። አንዴ ሲበራ ምልክቱም ጽሑፉም ይተልቃል፣ ተጭኖ መቆያው ጊዜም አብሮ ይረዝማል።

ስልክ ጠጋኝ፦ ልክ ነው፣ እሱ ይቅደም። ግን አሁኑኑ ይሁን። የሆም ስክሪኑን አቀማመጥ ስለሚቀይረው፣ ቦታ ቦታውን ከለመዱ በኋላ ቢበራ እንደ አዲስ መማር ይሆንባቸዋል። መቆለፉ መጨረሻ ላይ ነው።

ነርሷ፦ ጣታቸውንስ አይታችሁታል? ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይደርቃል፤ ተች ስክሪን ደግሞ የሚሠራው በጣት የኤሌክትሪክ ንክኪ ስለሆነ ደረቅ ጣት አንዳንዴ አይሰማውም። ሰው ያኔ አጥብቆ ይጫናል፣ ይብስበታል። እጃቸውን ሎሽን ተቀብተው በደንብ ሲገባ ይሞክሩት። መከላከያ መስታወት ከተለጠፈበትም ዲስፕሌይ ውስጥ «ተች ሴንሲቲቪቲ»ን አብራ።

ባለ አይፎን፦ አይፎን ለገዛችሁላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው አይኦኤስ 17 ጀምሮ «አሲስቲቭ አክሰስ» አለ። አንተ የመረጥካቸው ጥቂት አፖች ብቻ በትልልቁ ይታያሉ።

የመጨረሻ ልጅ፦ ተባረኩ! ጥሪው በድምፅ ቁልፉ ተነሳ፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳየች ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የወንድሞቼን ፎቶ ነክታ በቀጥታ እንድትደውል ማድረግ ይቻላል? ደግሞ ሳታውቀው ኤርፕሌን ሞድ ታበራና ስልኳ ዝግ ሆኖ ይውላል።

ስልክ ጠጋኝ፦ መጀመሪያ ኮንታክቱ ላይ ፎቶ አስገባ። ከዚያ የሆም ስክሪኑን ቁልፍ ለጊዜው ከፍተህ ዊጀት (ሆም ስክሪን ላይ የሚወጡ አቋራጮች) ውስጥ ኮንታክትስ ስር «ዳይሬክት ዳያል»ን ፈልግና አውጣላቸው። ለኤርፕሌኑ፣ ከላይ የሚወርደውን ክፍል ኤዲት በልና የአውሮፕላኗን ምልክት አንሳት። ሴቲንግ ውስጥ ስለምትቀር ስትፈልጋት ታገኛታለህ።