ለእድራችን አዳራሽ የምንገዛው ቴሌቪዥን፦ ረቂቁን አብረን እናርም

የእድሩ ጸሐፊ፦
እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው ስብሰባ ለአዳራሹ ቴሌቪዥን ይገዛ ብለን ተስማምተናል። የትኛው ይሁን የሚለው ግን አልተቆረጠም። ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። እያረማችሁልኝ ለእሑድ አንድ የጋራ ሐሳብ ይዘን እንቅረብ።

ለማን እንደምንገዛ ላስታውስ። ጥር 11 ቀን ጥምቀተ ባሕር ድረስ መውረድ ያቃታቸው አዛውንቶች በዝተውብናል። ጎንደር ተወልደው፣ ጎንደር አርጅተው፣ በዓሉን ቤት ቁጭ ብለው በወሬ ነው የሚሰሙት። ተሰብስበው በቀጥታ ስርጭት ይዩት ነው ነገሩ። በአዘቦት ደግሞ ማታ ዜና፣ ቅዳሜና እሑድ ለልጆቹ ኳስ።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ይኸው፦ «55 ኢንች፣ ፎርኬ፣ ኦሌድ»። ፎርኬ የምስሉ ጥራት ነው፣ ኦሌድ የስክሪኑ ዓይነት። ኦሌድ ያልኩት አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሱቅ ውስጥ ስላየሁት ነው። ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው። እንደዚያ ያለ ምስል አይቼ አላውቅም።

አባል፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ፦
ጋሼ፣ ዓይንዎ አልተሳሳተም። ኦሌድ ከጀርባው መብራት የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፤ ስትጠፋ ደግሞ ጭልም ነው የምትለው። ከጎን ቢያዩትም ቀለሙ አይገረጣም።

ለእኛ አዳራሽ ግን እፈራዋለሁ። እኛ ጋ አንድ ጣቢያ ከተከፈተ እስከ ማታ የሚነካው የለም። የጣቢያው ዓርማ ጥግ ላይ፣ የዜናው መስመር ከሥር፣ ሁልጊዜ እዚያው ናቸው። እንዲህ ያለ የማይንቀሳቀስ ምስል ለረጅም ጊዜ ሲደጋገምበት የኦሌድ ነጥቦች እኩል አያረጁም። ውሎ አድሮ ጣቢያ ቀይረን እንኳ የድሮው ዓርማ እንደ ጥላ ይታየናል። ይህ አይጠገንም። በዚያ ላይ በዓሉ የሚታየው በቀን ነው። የምሥራቁ መስኮቶች መጋረጃ የላቸውም። ለእንዲህ ዓይነት ብርሃን ደህና ኤልሲዲ ይሻለናል።

ስሞቹንም ላፍታታ፤ ሰው ገበያ ላይ የሚሸወደው በስም ነው። «ኤልኢዲ ቲቪ» የሚባለው ራሱ ኤልሲዲ ነው። ስክሪኑ በራሱ አይበራም። ከጀርባው የተደረደሩ ትናንሽ አምፖሎች ያበራሉ፣ እሱ ብርሃኑን እንደ መጋረጃ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ኤልኢዲ የአምፖሎቹ ስም ነው። «ኪውሌድ»ም ያው ኤልሲዲ ሆኖ ቀለሙን የሚያጠራ ስስ ንጣፍ የተጨመረበት ነው። ስሙ ከኦሌድ ጋር ቢመሳሰልም ዘመዱ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
የእኔ ጥያቄ ስለ ብልሽት ነው። የቤቴ ቴሌቪዥን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ድምፁ እያለ ምስሉ ድርግም አለ። የሸጠልኝ ሰው «ስክሪኑ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» ብሎ መለሰኝ። የእድር ብር የሐዘን ቀን ብር ነው። በሁለት ዓመት ለሚወድቅ ዕቃ አውጥቼ ለመስጠት እጄ አይፈታም።

የጥገና ባለሙያው፦
እታለም፣ ጥለሽዋል እንዴ? ካልጣልሽው ዛሬ ማታ ክፍሉን አጨልሚና ክፈቺው። የስልክሽን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግተሽ በሰያፍ አብሪበት። ሰዎች እንደ ጥላ ሲንቀሳቀሱ ከታየሽ ስክሪኑ ደህና ነው፤ የተቃጠለው የጀርባው መብራት ነው። አምፖሎቹ በተርታ ስለሚያያዙ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። እሱ ይቀየራል። የማይሆነው የተሰነጠቀ ስክሪን ነው፤ ያን ከማስቀየር አዲስ መግዛት ይቀላል።

መብራቱ ዕድሜው የሚያጥረው ብዙ ጊዜ ድምቀቱ ሌት ተቀን መቶ ላይ ስለሚተው ነው። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ፦ ቀን ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይደረግ። ስታቢላይዘርም አብሮ ይገዛ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃችንን ምን እንደሚያደርገው ሁላችንም አይተናል።

ጸሐፊው፦
ኦሌድን ሰርዣለሁ። አሁን ረቂቁ «55 ኢንች፣ ፎርኬ ኤልኢዲ፣ ከስታቢላይዘር ጋር» ይላል።

አባል፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር፦
55 አይበቃም። ዛሬ ከሰዓት ሜትር ይዤ አዳራሹ ሄጄ ነበር። ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር ነው። ኢንች የሚለካው ከጥግ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ 55 ሲባል ወርዱ 122፣ ቁመቱ 68 ሴንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። በዚሁ ልክ ካርቶን ቆርጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከሥሩ እንደ ዜና መስመር በማርከር ጻፍኩበት። ኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። አላነበብኩትም።

ከዚያ ለ65 ኢንች 144 በ81 አድርጌ ቆረጥኩ፤ ፊደሉንም በዚያው ልክ አሳደግኩ። ከ5 ሜትር ላይ መነጽሬን አድርጌ ደህና አድርጌ አነበብኩ። ከ9 ሜትር አሁንም የለም። 65 ይሁንና ወንበሮቹ ወደፊት ይጠጉ ባይ ነኝ።

ስለ ፎርኬም አንድ ነገር ልበል። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ነጥብ ነው፣ ፎርኬ 3840 በ2160። በ65 ኢንች ላይ ጤነኛ ዓይን ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ከራቀ የፉል ኤችዲን ነጥቦች እንኳ አይለይም። እኛ ከዚያ ቀርቦ የሚቀመጥ ሰው የለንም። በዚህ መጠን የሚመጣው አብዛኛው ፎርኬ ስለሆነ ይሁን። ከፎርኬም የበለጠ ነጥብ ያለው 8ኬ ነው ብለው ዋጋ ቢጨምሩብን ግን አንክፈል።

የወጣቶች ተወካይ፦
እኛ ለኳስ 120 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ፣ ይሁን ልንል ነበር። ባይሆንም እንስማማለን፤ የሳተላይቱ ስርጭት ራሱ በሰከንድ ከ50 ምስል አያልፍም። አሁን ያመጣሁት ሌላ ሐሳብ ነው። አንድ ዘመዴ 50 ኢንች ፕላዝማ በነፃ ልስጣችሁ ብሏል። ብሩ ይተርፍልን ይሆን?

የጥገና ባለሙያው፦
ዘመድህን እግዜር ይስጥልን በልልኝ። ፕላዝማ በጊዜው ምርጥ ነበር፤ ኳስ ላይ እንቅስቃሴው አይዝረከረክም። ግን ትልልቆቹ አምራቾች በፈረንጆቹ 2014 አካባቢ ማምረቱን ስላቆሙ መለዋወጫ ማግኘት መከራ ነው። መብራትም በኃይል ይበላል። ዓርማ የማስቀረት ችግሩ እሱም ላይ አለ። ደግሞ ውስጡ ጋዝ ነው ያለው። ብዙዎቹ የተሠሩት ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ እዝዝ የሚል ድምፅ ያወጣሉ። አዛውንቶች ጸሎት ሊሰሙ በተቀመጡበት ያ ድምፅ አይሆንም።

አባል፦
እናቴ አጠገቤ ሆና ያለችውን ልጻፍላችሁ። «እኔ ወገቤን ስለሚያመኝ ሁልጊዜ የምቀመጠው ግድግዳውን ተደግፌ፣ ከፊት ጥግ መደቡ ላይ ነው። ከዚያ ሆኜ ይታየኛል ወይ?»

የጥገና ባለሙያው፦
እማማ፣ ከሁላችንም ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው። አዳራሻችን ሲኒማ ቤት አይደለም። መደቡ በግራና በቀኝ ግድግዳ ነው፤ ግማሹ ሰው በጎን ነው የሚያየው።

ኤልሲዲ በዋናነት ሁለት ዓይነት ፓነል፣ ማለትም የስክሪን ገጽ፣ አለው። ቪኤ የሚባለው ፊት ለፊት ለተቀመጠ ያምራል፤ የብሩህና የጨለማው ልዩነት 3000 ለ1 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ወደ ጎን ሲሉ ግን ይገረጣል፣ ፊት ሁሉ አመድ ይመስላል። አይፒኤስ ልዩነቱ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ከጎን ግን ቀለሙን ይይዛል። እኛ ደግሞ በጨለማ አናይም። አይፒኤስ ነው የሚያስፈልገን።

ችግሩ ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የአንድ ሞዴል 55ቱና 65ቱ እንኳ በፓነል ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ በዓይን እንፈትን። የአምናውን ጥምቀት ፎቶ በፍላሽ ይዘን እንሂድ፤ ነጭ ሸማ፣ ቀይ ጃንጥላ፣ የሰው ፊት ያለበት ይሁን። የሱቁን አብረቅራቂ ማስተካከያ ወደ ተራው እናስመልስ። ፊት ለፊት እንየው፣ ከዚያ ቀስ እያልን ወደ ጎን እንሂድ። ቀዩ ቀይ ሆኖ ከቀረ እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ትናንት ማታ በስልኬ አበራሁበት። ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ! ስክሪኑ ደህና ነው።
ለግዢውም ተስማምቻለሁ፣ ግን እዚሁ ጎንደር ይገዛ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ቢሰነጠቅ ማንን እንይዛለን? እዚህ ሳንከፍል ከፍተን እናያለን።

ጸሐፊው፦
ለእሑድ የሚነበበው እንግዲህ ይህ ነው፦ «65 ኢንች ኤልኢዲ፣ ከጎን ሲታይ የማይገረጣ፣ ከስታቢላይዘርና ከግድግዳ ብራኬት ጋር፤ ከመስኮቶቹ ትይዩ ባልሆነው ግድግዳ ይሰቀል፤ ጎንደር ውስጥ ተፈትኖ ይገዛ።» የመምህሩ ካርቶን ግድግዳው ላይ ይቆይ፤ ጉባኤው ተቀምጦ ይየው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፒያሳ ተገናኝተን ሱቆቹን እናያለን። ፍላሹን ማን ይይዛል?

አባል፦
እኔ እይዛለሁ። እናቴም ትመጣለች። «ከጎን የማየው እኔ ነኝ፣ ከጎን ልቁምና ልየው» ብላለች። ሱቅ ውስጥ ወንበር ይዘጋጅላት።