የልብስ ማጠቢያ ማሽኔ በሮቶ ውሃ አልሠራ አለ፣ ማኑዋሉም ምንም አይልም

የገርጂዋ፦ ሰላም ቤቶች! የመስመር ውሃ ሲኖር ማሽኑ ምንም አይልም። ወደ ሮቶ ስንቀይር ግን ትንሽ ያጉረመርምና የስህተት ኮድ አውጥቶ ቀጥ ይላል። ማኑዋሉን ገለጥኩ። ድመት እንዳትገባበት፣ ሕፃን እንዳይወጣበት፣ ገጽ ሙሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለ ኮዱ ያለው "የውሃው ቧንቧ መከፈቱን ያረጋግጡ፣ ካልተስተካከለ ለጥገና ማዕከል ይደውሉ" ብቻ። ተከፍቷላ! የሻጩ ስልክ ደግሞ አይነሳም። ምን ይሻለኛል?

ቧንቧ ሠሪው፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃውን ዝጊ፣ ማሽኑንም ከሶኬት ንቀይው። ከኋላ የውሃውን ጎማ ፍቺ። ጎማው የሚገጠምበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽዬ ወንፊት አለች። በፒንሳ ቀስ አድርገሽ ሳቢያት። የሮቶ ዝቃጭ ቶሎ ይደፍናታል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቢና መልሰሽ ክተቻት። ያለ እሷ እንዳታስነሺው፣ አሸዋው ቫልቩ ውስጥ ይገባል።

የገርጂዋ፦ ተባረክ ወንድሜ! ጭቃ ጠጥታ ነበር። አሁን ውሃ ይገባል፣ ግን እየተንጠባጠበ። ኮዱም ተመልሶ መጣ። ሮቶው ሰርቪስ ቤቱ ላይ ነው፣ ከማሽኑ ቢበልጥ 2 ሜትር ነው።

መሐንዲስ ነኝ፦ በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። ማኑዋሉ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ እዪው፣ "የውሃ ግፊት" ይላል። ብዙ ጊዜ ትንሹ 0.05 ሜጋ ፓስካል ነው። በሰውኛ፣ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ይበል ማለት ነው። ያንቺ 2 ሜትር 0.02 ገደማ ብቻ ይሰጣል። ይቺን መስመር ኮዱ አጠገብ ቢጽፏት ምን ነበረበት? ቧንቧ በከፈተ ቁጥር ውሃ እየተፈናጠረ ለሚመጣለት ሰው ነው የጻፉት።

እማማ ሰላም፦ ልጄ፣ እስኪስተካከል በዱቄቱ መሳቢያ በኩል በጆግ ጨምሪበት። ውሃ መሙላት ሲጀምር ነው ታዲያ፣ ሲያለቀልቅም እንደገና። እኔ ስንት ዓመት እንዲህ አጥቤያለሁ።

የገርጂዋ፦ እሺ እማማ 😄 ሮቶውን ከፍ ባደርገውስ?

መሐንዲስ ነኝ፦ 1000 ሊትር ሲሞላ 1 ቶን ነው። በሚሸከመው ማማ ካልሆነ አይሞከርም። ትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ይሻልሻል።

ቧንቧ ሠሪው፦ ልክ ነው። ቧንቧ ሲከፈት ራሱ የሚነሳውን ግዢ፣ ከሮቶውና ከማሽኑ መሃል ይገጠማል። ሮቶው ሲደርቅ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ሻጩን ጠይቂው፣ ውሃ ሳይኖር ከዞረ ይቃጠላል።