ድመቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንጀቷ አልረጋም፤ ፕሮባዮቲክ ልስጣት ወይስ የሚቀድም ነገር አለ?

የሆጤዋ (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ድመቷ ሴት ናት፤ ሁለት ዓመቷ፣ 3.5 ኪሎ። ሰገራዋ ከላላ ሦስት ሳምንት ሆነው። በቀን አምስት ስድስቴ ትቀመጣለች፣ ታምጣለች፣ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው፤ ላዩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ዝልግልግ አለው፣ ሁለት ጊዜ ቀይ ደም ጭረት አድርጎበታል። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አላስመለሳትም፣ አልከሳችም። ምግቧ ጠዋት ወተት፣ ቀን እንጀራ በወጥ፣ ማታ ከሥጋ ቤት የመጣ ጥሬ ሳምባ ነው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ አምስት ቀን ወስዳ ረግቶላት ነበር፤ ባቆመች በአራተኛው ቀን ተመለሰ።

የድመት ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ) ብናኝ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ እርጎ ይተካዋል? ዱባ ይረዳል የሚሉም አሉ። የቫይታሚን ቢ12 መርፌስ ከሰው ፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ይቻላል?

ቦርከና ዳር

አብሽሪ እህቴ፣ የምትበላና የምትጫወት ከሆነ ጊዜ አለሽ። ግን ፕሮባዮቲኩ ተራው ገና ነው፤ ወተቱ፣ ወጡና ትሉ ሳይወጡ የሚጨመር ብናኝ ገንዘብ መበተን ነው።

ድመት ጡት ከተወች በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንስባታል። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ውሃ ይስባል፣ ይብላላል፤ ተቅማጥ ይሆናል። ወጡ ደግሞ ይብሳል። ጣጣው በርበሬው ብቻ አይደለም፣ ሽንኩርቱ ነው፣ ቀዩም ነጩም። የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። በኪሎ ክብደት 5 ግራም ያህል ከበላች ለመመረዝ ይበቃል፤ ለአንቺዋ 17 ግራም ገደማ ማለት ነው። ተቁላልቶ ቀልጦ ባይታይም መርዝነቱ አይለቅም፣ የኛ አገር ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ቆዳና አጥንት የወጣለት ዶሮ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅለሽ ስጫት። ለ3.5 ኪሎ ድመት በቀን 120 ግራም ያህል የተቀቀለ ሥጋ፣ ለአራት ከፍለሽ። መረቁን አትድፊው፤ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲቀቀል ወደ ውሃው ስለሚወጣ መልሰሽ አፍስሽበት። ድመት ታውሪንን በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፤ ሲያንሳት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። የልቡ ነገር የታወቀው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳትቆይ፣ በቂ ካልሲየም የለውም። ወደ ሌላ ምግብ ስትመልሻት አዲሱን ሩብ፣ ከዚያ ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ሩብ እያደረግሽ ከ7 እስከ 10 ቀን ውሰጂ። "አንጀቷ ይረፍ" ብለሽ ግን አታስጾሚያት፤ ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች ስብ ጉበቷን ይሞላዋል።

ትሉን በተመለከተ፣ አልቤንዳዞል በየቦታው ስላለ እጅ ወደሱ ይሄዳል፤ ለድመት አይሆንም፣ መቅኔዋን ይመታል። የሚሰጠው ፌንቤንዳዞል ነው፣ በኪሎ 50 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ አምስት ቀን ሳይቋረጥ። ለእሷ 175 ሚሊግራም ይሆናል። የከብቱ እንክብል 750 ከሆነ ሩቡ 187 ነው፣ ያ ልዩነት አይጎዳትም። ወስፋቱንም፣ ጃርዲያ የሚባለውን በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛም ይይዛል። ጅራቷ ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር ካየሽ ግን ያ ከቁንጫ የሚመጣ የኮሶ ትል ነው፤ ፌንቤንዳዞል አይነካውም። ለሱ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊግራም ያስፈልጋል። የሰው ቢልሃርዚያ ክኒን 600 ሚሊግራም ስለሆነ የእሷ ድርሻ ከሠላሳ አራት አንዱ ነው፣ ያንን በቢላ መክፈል አይቻልም። የድመቱን አስፈልጊ። ቁንጫው ካልጠፋ ደግሞ ትሉ ይመለሳል።

ጦሳ ሥር

ቦርከና ዳር ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ተጨማሪዎቹ ልመልስ።

መጀመሪያ ተቅማጡ ከየት እንደሆነ ለዪ። ቶሎ ቶሎ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በማማጥ፣ በንፍጥና በቀይ ደም የሚወጣው የትልቁ አንጀት ነው። ብዙ ሆኖ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ወጥቶ የሚያከሳው የትንሹ ነው። የአንቺዋ ምልክት ከመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ ዱባው ቦታ አለው። ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ በውሃ ብቻ የተቀቀለ፣ የተፈጨ፣ በየምግቡ አንድ የሻይ ማንኪያ። ዱባ ወጥ አላልኩም! ከአንድ ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ ወይም ሰገራው ከበዛ ተይው፤ አሰሩ ለትንሹ አንጀት ችግር ብዙም አይፈይድም።

እርጎ ፕሮባዮቲኩን አይተካም። ወተቱን ያረጋው ባክቴሪያ የትኛው ዝርያ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ አይታወቅም፤ የወተቱ ስኳርም ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። በድመት ላይ ከተሞከሩት አንዱ ኢንቴሮኮከስ ፌሲየም ኤስኤፍ 68 ነው፣ በ1 ግራም ፓኬት ይመጣል፣ በቀን አንድ። ትኩስ ምግብ ላይ ከነሰነስሽው ባክቴሪያውን ገደልሽው፤ በጣት ስትነኪው ለብ እስኪል ጠብቂ። አንቲባዮቲክ እየወሰደች ከሆነ ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቂ። ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የሚባለው እርሾ ስለሆነ በአንቲባዮቲክ አይሞትም። አራት ሳምንት ሞክረሽ ምንም ካላየሽ አቁሚ፣ ብናኝ ለዕድሜ ልክ አይደለም።

ቢ12 የሚዋጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ስለሆነ የሚጎድለው እዚያ ሲታመም ነው። አልከሳችም ካልሽ አሁን አያስቸኩልም። ሐኪም ካዘዘው 250 ማይክሮግራም ከቆዳ ሥር፣ በሳምንት አንዴ ለ6 ሳምንት፣ ከዚያ ከወር በኋላ አንዴ ነው። የሰው አምፑል በሚሊሊትር 1000 ማይክሮግራም ከሆነ 0.25 ሚሊሊትር ማለት ነው፤ በ100 ዩኒት የኢንሱሊን ሲሪንጅ 25 የሚል ቁጥር ያለበት መስመር። ቢ1 እና ቢ6 የተቀላቀለበትን እንዳይሰጡሽ ተጠንቀቂ፣ እሱ ሌላ ነው።

ባቲ ሰኞ

ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ለሆድ የሚያክለው የለም፣ በሰውም ተፈትኗል። በትንሹ በማር አድርጎ መስጠት ነው።

ቦርከና ዳር

ወንድም፣ ለሰው ያልከው ለሰው ይሁን። ነጭ ሽንኩርት ለድመት ከቀዩ የባሰ ነው። ኮሶና እንቆቆም እንደዚያው፣ ለድመት የታወቀ መጠን የላቸውም።

የሆጤዋ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ። ወተቱና ወጡ ቆመዋል። ሰገራ ማስመርመር ከተቻለ እንዴት ይያዛል? የምትቀመጠው ውጭ አመድ ላይ ነው።

ጦሳ ሥር

አመድ የነካው ለምርመራ አይሆንም። ማታ አንድ ክፍል ዝጊባትና ባኞ ላይ ታጥቦ የደረቀ ጠጠር አድርጊላት፤ ጠጠር ስለማይመጥ እርጥበቱ አይጠፋም። የባቄላ ፍሬ የሚያክል በማንኪያ አንስተሽ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ። ጃርዲያ በየቀኑ ስለማይወጣ በተለያዩ ሦስት ቀናት የተወሰደ ይሻላል፣ እሱ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፣ ፍሪዘር ግን አይደለም።

በሜትሮኒዳዞል ረግቶ የተመለሰና ንፍጥና ደም ያለው ተቅማጥ በወጣት ድመት ሲታይ ትሪትሪኮሞናስ ፊተስ የሚባለው በዓይን የማይታይ የትልቁ አንጀት ጥገኛም ይጠረጠራል። ፌንቤንዳዞል አያጠፋውም፤ ይሄን ደግሞ ፍሪጅ ይገድለዋል። ለሱ አዲስ የወጣውን ሳይቀዘቅዝ፣ ሳይደርቅ፣ ወዲያው ማይክሮስኮፕ ሥር ማድረስ ነው። ደሴ ስላለሽ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትን ጠይቂ፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት ላቦራቶሪ አለ፣ ግን መንገዱ ላይ ናሙናው ይቀዘቅዛል። ድመቷን ራሷን ይዞ መሄድ ይቀላል፣ ሐኪሙ እዚያው በጥጥ ይወስድላታል። ስትሄጂ የሜትሮኒዳዞሉን መጠንና ያቆመችበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።