ርግቦቼ ግማሾቹ ቀሩብኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ብርሃን ነው። ከሩቅ ተለቀው ወደ ቤታቸው ለሚመለሱበት ውድድር ላሰለጥናቸው ብዬ 12 ርግቦች ይዣለሁ። ከከተማው ዳር፣ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ስለቃቸው እኔ ቤት ሳልደርስ ጣሪያ ላይ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ግን ቸኩዬ በአንዴ ጫጫ ከተማ ወሰድኳቸው፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋቱ ጭጋግ ነበር፤ እኔም ጠግበው ይብረሩ ብዬ ገብስ አጥግቤያቸዋለሁ። (እናቴ «ገብሱን ለዶሮ ብትሰጠው እንቁላል ታገኝ ነበር» ትላለች።) ስድስቱ ብቻ ተመለሱ፤ አንዷ ክንፏ ተቦጭቋል፣ ጭልፊት ሳይሆን አይቀርም።

አቅጣጫ የሚያገኙት በፀሐይም ጭምር ነው፤ ታዲያ ሰማዩ እስኪጠራ ልጠብቅ? የተመለሱትን እንደገና ከ5 ኪሎ ሜትር ልጀምራቸው ወይስ ከ10? ጫጩት ያላትንስ ልልቀቃት? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።