ዘይት መቀየርና ጎማ ማዟዟር፦ ቤት ልሥራው ወይስ ይቅርብኝ?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ትንሽ የቤት መኪና ናት። ቤንዚን፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ የሚነዳት የፊት ጎማ ነው። እስካሁን ጊዜው ሲደርስ ጋራዥ ወስጄ ነበር ዘይት የማስቀይረው። ባለፈው ግን አስቀይሬ ቤት ከገባሁ በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቼ ሳየው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል። ፊልትሮውም ያው አሮጌው ነው፣ አቧራው እንኳ አልተነካም። የፊልትሮ ግን ከፍያለሁ! ከዚያ ወዲህ ራሴ ልሥራው የሚል ሐሳብ ይዞኛል።

ግቢ ውስጥ ደልዳላ የሲሚንቶ መሬት አለኝ። ዕቃ ግን ከመኪናዋ ጋር የመጣው ክሪክና የጎማ መፍቻ ብቻ ነው። ምን ልጨምር? ጎማ ማዟዟሩንም በዚያው ልሥራው ብዬ ነበር፣ ግን የቱ ጎማ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገባኝ። አንዱ ቀጥታ ነው ይላል፣ ሌላው በመስቀል ነው ይላል። ቪዲዮ ላይ ሲያዩት ሁሉም ቀላል ነው፣ እናንተ እውነቱን ንገሩኝ።

ሰማያዊ ቱታ፦

ልጄ፣ ይቻላል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መኪና ሥር ነው፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይሠራዋል። ግን ከዘይቱ በፊት ስለ ክሪኩ ልናገር፣ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ከመኪና ጋር የሚመጣው ክሪክ መንገድ ላይ ስኮርታ ለመቀየር ነው የተሠራው። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እጅሽንም ጭንቅላትሽንም አታስገቢ። 2 ጥሩ ካቫሌቶ (የተነሳችውን መኪና ደግፎ የሚይዝ የብረት እግር) ግዢ፣ ከሌላው ዕቃ ሁሉ በፊት። መኪናዋን ካሳረፍሽበት በኋላ ከመግባትሽ በፊት ከጎን ገፋ ገፋ አድርጊያት። ከተንቀሳቀሰች አውርደሽ እንደገና አስተካክዪ። ክሪኩ የሚያርፍበት ቦታ ማኑዋሉ ላይ አለ፣ በብዙ መኪና ከበሩ ሥር ባለው የላሜራ ጠርዝ ላይ ምልክት አለው። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ በፍጹም አታሳርፊው።

ታኮም (ጎማው እንዳይንከባለል የሚደረገውን ሽብልቅ) አትርሺ። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና የሚይዘው የኋላ ጎማን ነው፣ ስለዚህ ኋላዋን ስታነሺ ፍሬኑ መሬት ላይ የሚይዘው ጎማ የለውም። ማርሽ ብታስገቢም መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጊ።

ወደ ዘይቱ ስንመጣ፣ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስተሽ አጥፊው። ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። የፈላ ግን እጅ ይልጣል። ታፖውን (ኮፓው ላይ ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ክዳን) በመፍቻ ካላላሽ በኋላ የመጨረሻዎቹን ዙሮች በእጅሽ ወደ ላይ ገፋ እያደረግሽ ፍቺ፣ ከዚያ በአንዴ ወደ ጎን ሳብ። ዘይቱ መጀመሪያ ተወርውሮ ነው የሚወጣው፣ እያለቀ ሲሄድ ነው ቀጥ ብሎ የሚወርደው። የዘይት መቀበያ ሳህኑን ታፖው ልክ ሥር ካስቀመጥሽው የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ሲሚንቶሽ ላይ ነው።

ፊልትሮው ላይ አንድ ነገር አደራ። አሮጌውን ስትፈቺ የጎማ ጓርኒሲዮኑ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት) አብሮ መምጣቱን በዓይንሽ እዪ። ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱን በላዩ ካሰርሽ፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን ይተፋዋል። የአዲሱን ጓርኒሲዮን በጣትሽ ዘይት ቀቢውና በእጅ እሰሪ። ከነካ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ነው፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ለታፖው አዲስ ሮንዴላ (ከሥሩ የሚገባውን ቀለበት) አድርጊ፣ በጉልበትም አታጥብቂው። ኮፓው አሉሚኒየም ከሆነ ጥርሱ ይበላል፣ ያ ደግሞ ከዘይት መቀየሪያው በላይ ያስወጣል።

ማኑዋሉ 4 ሊትር ካለ መጀመሪያ 3 ተኩል ጨምሪ። ሞተሩን አንድ ደቂቃ አስነሺ፣ የዘይት መብራቱ መጥፋቱን እዪ፣ አጥፊና ጥቂት ጠብቀሽ ለኪ። የጎደለውን በትንሽ በትንሹ ሙዪ። ያሁኑ ዘይትሽ አሁንም ከምልክቱ በላይ ከሆነ ትርፉን አስወጪው። ክራንኩ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አያድንም።

ቅዳሜ ከሰዓት፦

የጎማውን እኔ ልመልስ፣ ጋሼ ዘይቱን ጨርሰውታል። ቀጥታ ያለሽም በመስቀል ያለሽም ልክ ነው። የፊት ጎማ የሚነዳት መኪና ላይ የፊቶቹ በየጎናቸው ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ጎን ቀይረው ወደ ፊት ይመጣሉ። የሚነዳት የኋላ ጎማ ከሆነ ተገላቢጦሽ ነው። ግን ከሁሉ በፊት የጎማውን ጎን አንብቢ። የአዟዟር ቀስት ካለው ያ ጎማ ጎን አይቀይርም፣ ፊትና ኋላ ብቻ ነው የሚለዋወጠው።

አሁን ጥሩው ነገር። ስኮርታሽ የሚሠራ ከሆነ አራቱንም ጎማ በአንዴ ማንሳት አያስፈልግሽም። የኋላ ግራውን ፍቺና ስኮርታውን እዚያ እሰሪ። የፈታሽው ወደ ፊት ቀኝ ይሄዳል። ከዚያ የወጣው ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከኋላ ቀኝ የወጣው ወደ ፊት ግራ፣ ከፊት ግራ የወጣው ደግሞ ስኮርታው ወዳለበት ወደ ኋላ ግራ። አለቀ! ሁልጊዜ የምታነሺው አንድ ጥግ ብቻ ነው።

ጎማውን የሚያስሩትን ዳዶዎች ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ሩብ ዙር አላሊ፣ አየር ላይ ለማላላት አትታገዪ። ስታስሪ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቅሽ ነው፣ የመጨረሻው ማጥበቂያ መሬት ካረፈች በኋላ ነው። ቶርክ መፍቻ (የምታጠብቂበትን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ብትገዢ ደስ ይለኛል። ብዙ የቤት መኪና 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ የራስሽን ከማኑዋሉ እዪ። መፍቻውን በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ቡሎኑን ይስበዋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ እንደገና ሞክሪያቸው፣ የተላላ ሊኖር ይችላል። ንፋሱንም አስተካክዪ፣ የፊትና የኋላው ልክ የሚለያይ መኪና አለ።

ማዟዟሩ በየ 8,000 ወይም 10,000 ኪሎ ሜትሩ በቂ ነው። ጎማው ሲወልቅ ደግሞ የፍሬን ሸራሽን ውፍረት ታያለሽ፣ እኔ ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው።

ጠብታ፦

ጎማውን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ዘይቱ ላይ ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ፤ አሮጌውን የት ልታደርሺው ነው? የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይም ቱቦ ውስጥም አይደፋም። ውስጡ የብረት ብናኝና የነዳጅ ቅሪት አለ፣ ውኃ ውስጥ ከገባ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። ክዳኑ በሚገጥም ጄሪካን አጠራቅሚና ወደሚቀበል ጋራዥ ወይም ማደያ ውሰጂ። ከውኃ፣ ከቤንዚንም ሆነ ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር አታደባልቂው፣ ከተደባለቀ ብዙ ቦታ አይቀበሉሽም። ፊልትሮውንም አፉን ወደ ታች አድርገሽ አሳድሪው፣ ውስጡ ብዙ ዘይት ይቀራል። ጓንት አድርጊ፣ ለቆዳ ጥሩ አይደለም። የሚቀበልሽ ቦታ ካላገኘሽ ግን በእኔ በኩል ዘይቱን ጋራዥ አስቀይሪ፣ አጠገባቸው ቆመሽ ፊልትሮው ሲወጣ እያየሽ።

የማታ ፈረቃ፦

በጣም አመሰግናለሁ። @ጠብታ፣ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ጠይቄ አግኝቻለሁ። ጎማውን በስኮርታው ዘዴ ልጀምር ነው።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ማኑዋሉ 5ደብልዩ-30 ይላል፣ የማውቀው ሰው ግን መኪናዋ ስላረጀች ወፍራም ዘይት ይሻላታል አለኝ። ደግሞ ጎንበስ ብዬ ከሥር ሳያት ታፖው አንድ አይደለም፣ ሁለት ናቸው። የቱን ነው የምፈታው?

ሰማያዊ ቱታ፦

ማኑዋሉን ስሚ። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ነው፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲሞቅ ያለው ውፍረት። ወፍራም ዘይት ጠዋት ስታስነሺያት ላይኛው የሞተር ክፍል ጋ ለመድረስ ይዘገያል፣ ሞተር ደግሞ ብዙ የሚበላው ያኔ ነው። ማኑዋሉ ለሙቀት አገር ሌላ ቁጥር ከፈቀደ እሱን መጠቀም ትችያለሽ፣ ከዚያ ውጭ አትውጪ።

ሁለቱን ታፖ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። አንዱ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። እሱን ፈትተው የካምቢዮውን ዘይት አውርደው፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ ሌላ 4 ሊትር ደርበው የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱንም ያጠፋሉ። ማኑዋሉ ላይ ሥዕል ካለ እሱን ተከተዪ። ከሌለው ከፊልትሮው ተነሺ፣ የሞተሩ ኮፓ ፊልትሮው ካለበት ብሎክ ሥር ነው። ታፖውን ፈትተሽ የሚወርደው ጥቁር ወይም ቡናማ ካልሆነ፣ ቀይ ወይም ጠራ ያለ ከሆነ፣ ወዲያው መልሰሽ ዝጊው፣ ሞተሩን አታስነሺ፣ እዚሁ ጻፊልኝ።