የሚኒ ሚዲያችን ስም «ሸገር 102.1» ይሁን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለእናንተ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን የማስተባብረውም እኔ ነኝ። ያለን አንድ ማይክ፣ አንድ አምፕሊፋየርና ባንዲራ መስቀያው አጠገብ የተሰቀለ ስፒከር ነው። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ በአዲስ አበባው የሬዲዮ ጣቢያ ስም «ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሚኒ ሚዲያ» ብለው ከፈቱ። ስሙን ካርቶን ላይ ጽፈው በሩ ላይ ለጥፈውታል፤ የጣቢያውን አርማም በእስክሪብቶ ስለውታል። ጉጉታቸው አንጀቴን በላው። ላስቁማቸው ወይስ ልተዋቸው?

መልስ 1፦ ቲቸር፣ እኔም የሚኒ ሚዲያ ልጅ ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ዜና ሳነብ ሳላውቀው ድምፄን እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኞቹ አወፍር ነበር። እንደዚያ ነው የሚለመደው። እባክዎ አይከልክሏቸው።

መልስ 2፦ አነጋገር መኮረጅና ስም መውሰድ ይለያያሉ። «ሸገር» የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ነው፤ ሁላችንም እንጠራበታለን። 102.1 እና አርማው ሲጨመሩበት ግን የጣቢያው መለያ ይሆናል። የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ነው። ስሙን ከወደዱት ለጣቢያው ደብዳቤ ጽፈው ያስፈቅዱ። ደብዳቤውን ልጆቹ ራሳቸው ቢጽፉት ደስ ይለኛል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ አነጋገርኳቸው። 102.1 ጣቢያው በአየር ላይ የሚሰራጭበት የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር (በሜጋኸርዝ) እንደሆነ፣ የእኛ ድምፅ ግን በሽቦ ብቻ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወዲያው «እንግዲያው በሽቦው እንሰይመው» አለች። ካርቶኑን ገልብጠው በጀርባው «ሽቦ ሚኒ ሚዲያ» ብለው ጻፉ። ነገ ከሰልፍ በኋላ በአዲሱ ስም ይጀምራሉ።