ለአረጋውያን ወላጆች የደም ካንሰር ቅድመ ምርመራ አለ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ቶሎ ይደክማቸዋል፣ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ሲወጡም መሀል ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። እሳቸው «የእርጅና ነው» ስለሚሉ ማስታገሻ ከመዋጥ በቀር የተደረገላቸው ነገር የለም። ጎረቤታችን በደም ካንሰር ካረፉ ወዲህ ግን ስጋት ስለያዘኝ፣ እንደ ጡትና እንደ ማሕፀን በር ካንሰር ሁሉ ምልክት ሳይታይ በየጊዜው የሚደረግ የደም ካንሰር ምርመራ ካለ ብታሳውቁኝ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ምልክት ለሌለው ሰው ሁሉ የሚመከር የደም ካንሰር ቅድመ ምርመራ የለም። ለምሳሌ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆነ ሰዎች ከመቶ ሦስት ያህሉ ደማቸው ውስጥ ያልተለመደ ፕሮቲን ይገኝባቸዋል፤ ከእነዚህ ግን በየዓመቱ ወደ መልቲፕል ማይሎማ (ከአጥንት መቅኔ የሚነሳ የደም ካንሰር) እና መሰል በሽታዎች የሚሸጋገርባቸው ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ስለሆኑ፣ ሁሉንም መመርመር ብዙዎችን ያለ ጥቅም ሊያስጨንቅ ይችላል። አይስላንድ ውስጥ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት ጥናት የተጀመረውም ይህንኑ ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን ነው።

እናትዎ ግን ምልክት አላቸው። ድካምና የወገብ ሕመም በአብዛኛው ከካንሰር ውጭ በሆነ ምክንያት ቢመጣም፣ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ እርጅና ብቻውን ደም አያሳንስምና። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ የኩላሊትና የካልሲየም ምርመራ ይደረግላቸው። ደም ማነስ ከተገኘ መንስኤው ሳይታወቅ የብረት እንክብል ብቻ ተሰጥቷቸው እንዳይመለሱ፣ የአከርካሪ ራጅና የደም ፕሮቲን ምርመራ እንዲታከል ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ውጤቱ እስኪታወቅ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ባይወስዱ ይሻላል፤ ማይሎማ ከሆነ እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ። እግራቸው ከዛለ ወይም ሽንት እምቢ ካላቸው በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
የቀድሞ የሲቢሲ ወረቀቶች ካሉ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ሄሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) ከዓመት ዓመት እየወረደ መምጣቱ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል። ነጭ የደም ሴል በዝቶ ከተገኘ ደግሞ ደሙ በማይክሮስኮፕ ይታይ። በአረጋውያን ላይ የሚታየው ክሮኒክ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ (ቀስ ብሎ የሚያድግ የነጭ የደም ሴል ካንሰር) ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ለሌላ ጉዳይ በተሰጠ ደም ሲሆን፣ ብዙዎቹም ለዓመታት ያለ መድኃኒት በክትትል ብቻ ስለሚቆዩ፣ ስሙን ሰምቶ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ከሜሪላንድ፦
እዚህ አሜሪካ ማይሎማ በጥቁሮች ላይ ከነጮች እጥፍ ያህል ይታያል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያናችን ለአረጋውያን በምንሰጠው የጤና ትምህርት የማይለቅ ድካምን፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብን፣ የማያም ንፍፊትንና ያለ ምክንያት መክሳትን ዘርዝረን እናስረዳለን። በየዕድሩም እንዲሁ ቢደረግ ምኞቴ ነው፤ ወላጆቻችን ሕመማቸውን የሚደብቁት ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ነውና።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ ጾም ላይ ናቸው፤ ለሲቢሲ የበሉ መሆን አለባቸው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
የለባቸውም፤ ጾማቸውን ሳይፈቱ ጠዋት ደም መስጠት ይችላሉ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ግን ከነማሸጊያቸው ይዘው ይሂዱ።